ዳንቴሉን አንሱለት

እንደምን ዋላችሁ። ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ ጌም ቤት የከፈታችሁ፣ ቤታችሁ አንድ ዴስክቶፕ ያላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነው። በቃሌ መናገር ስለማልችልበት የጻፍኩትን ላንብብላችሁ።

ባለፈው ሚያዝያ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮፒ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ሲፒዩው በየሰዓቱ እየጠፋ አስቸገረኝ። ቫይረስ ይሆን?» አሉኝ። እኛ ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ነው የምንለው። ዛሬ ግን ሲፒዩ ስል ውስጥ ያለውን ቺፕ ማለቴ ነው።

ስደርስ ሳጥኑ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ያውም እየሠራ! ጀርባው ከግድግዳ ተጣብቋል፣ ፊቱን የወረቀት ካርቶን ጋርዶታል። ክዳኑን ስፈታው ሂትሲንኩ፣ ማለትም ሲፒዩው ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚያወጣለት ብረት፣ አይታይም። ግራጫ ብርድ ልብስ የመሰለ አቧራ ተጋግሮበታል። ቡናው እዚያው ይቆላል፣ እጣኑም እዚያው ይጨሳል። ስለዚህ አቧራው ጭሱን ይዞ ተለጥፏል፤ እፍ ቢሉት ንቅንቅ አይልም። ከመክፈቴ በፊት ሙቀቱን አይቼ ነበር፤ 98 ዲግሪ። ቫይረስ አልነበረም። ታፍኖ ነው።

ብዙዎቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ሲፒዩዎች ጣሪያቸው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙዎቹ የኤኤምዲ ራይዘኖች ደግሞ 95። ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ወዲያው አይቃጠሉም። መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ እሱም ካልበቃ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። «ዘንድሮ ቀርፋፋ ሆነብኝ» ብላችሁ ራም ልትገዙ ስትሮጡ፣ ችግሩ አቧራ ሊሆን ይችላል።

እኔ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ከ35 እስከ 50 ዲግሪ፣ ሥራ በዝቶበት ከ60 እስከ 80 ባየው ግድ የለኝም። ወርድ ብቻ ተከፍቶ 85 ካለ ግን ካቻቢቴዬን አነሳለሁ። ሃርድ ዲስክ ከዚህ ይልቅ ስስ ነው። አምራቾቹ በአብዛኛው እስከ 60 ይፈቅዳሉ፤ እኔ ከ45 ባያልፍ እመርጣለሁ።

«ጎንደር ብርድ ነው፣ እዚህ ኮምፒውተር አይሞቅም» የሚሉኝ አሉ። ብርዱስ ይረዳል። ግን ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋን ሙቀት የሚያወጣው ደግሞ በዚሁ አየር ነው። በዚያው ፍጥነት ቢዞርም፣ እዚህ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። በነገራችን ላይ በዚሁ ከፍታ የተነሳ ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የእኚያ እናት ሲፒዩ ከጀበናቸው በልጦ ነበር ማለት ነው።

የራሴንም ጉድ ልንገራችሁ። ሥራ እንደጀመርኩ ለአንድ ተማሪ ኮምፒውተር ገጣጠምኩለት። በሳምንቱ ይዞት መጣ፤ ይጠፋል። ፓወር ሳፕላይ (ኮረንቲ የሚሰጠውን ክፍል) ቀየርኩ። ደግሞ መጣ፤ ዊንዶውስ ጫንኩ። በሦስተኛው ሂትሲንኩን ነቀልኩት። ከሥሩ ያለችውን ስስ ላስቲክ ሳልልጥ ነበር የገጠምኩት! ልጁ ሳቀ፣ እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። የተቀበልኩትን ብር መለስኩለት።

ጽዳቱ ከባድ አይደለም። ገመዱን ንቀሉ። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ በብሎወር፣ በአየር መንፊያው፣ ንፉ። ብሎወር ስትነፉ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፤ እንደልቡ ከተሽከረከረ መዞሪያው ሊጎዳ ይችላል። ሂትሲንኩን ከነቀላችሁ አሮጌውን ተርማል ፔስት (በሲፒዩውና በሂትሲንኩ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) በአልኮል ጥረጉና አተር የምታህል አዲስ ጠብ አድርጉ። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አጋጥመውኛል። ለጊዜው ይሠራል፣ ከዚያ ደርቆ ይሰነጠቃል። ፓወር ሳፕላዩን ግን አትክፈቱ፤ ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ ኮረንቲ ይቆያል። ሳጥኑን ከግድግዳ አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጉት። ዳንቴሉ ሲጠፋ ይልበስ፣ ሲሠራ ይውለቅ።

ይኼ ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ከመካከላችሁ የአንዱ ነው። ሁለት ዓመት አልተከፈተም ብሎኛል። ገመዱን ነቅዬዋለሁ፣ አሁን እንከፍተዋለን። ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ነጠላችሁን አፍንጫችሁ ላይ አድርጉ።