የአዲስ አበባ ሌሊት ለሱፐርማርኬት ፍሪጅ የሚቆጥበው መብራት

[ምስል፦ ሌሊት፤ የተዘጋ ሱፐርማርኬት፣ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከሩ ፋኖች]

ሱፐርማርኬቱ ተዘግቷል። ፍሪጆቹ ግን እስኪነጋ ይሠራሉ። በብዙ ትልልቅ የምግብ መደብሮች ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ ግማሽ ገደማው ለማቀዝቀዣ የሚውል ነው።

ፍሪጅ የሚሠራው ሙቀት በማውጣት ነው። በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ የወተቱንና የሥጋውን ሙቀት ይሰበስባል፤ ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ ውጭ ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለአየር ይለቃል። ቆጣሪውን በዋናነት የሚያስሮጠው ጭመቃው ነው። የኮንደንሰሩ ግፊት ከፍ ባለ ቁጥር ኮምፕረሰሩ የበለጠ ይለፋል።

[ምስል፦ የግፊት መለኪያ በቅርብ]

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብዙ ማሽኖች ይህ ግፊት በጣም ለሚሞቅ ቀን በሚበቃ ልክ ተስተካክሎ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ይቆያል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊት 10 ዲግሪ አካባቢ መድረሷ የተለመደ ነው። ግፊቱ ከፍ ሲል ጋዙ ኮንደንሰሩ ውስጥ ፈሳሽ የሚሆንበት ሙቀትም ከፍ ይላል፤ በዚህ ብርድ ጋዙን 40 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ እንዲሆን ማስገደድ ንጹሕ ብክነት ነው። ጥሩ መቆጣጠሪያ የውጭውን አየር በሴንሰር እየለካ ግፊቱንም አብሮ ያወርደዋል። ይህ ጋዙ ፈሳሽ የሚሆንበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ዝቅ ሲል የኮምፕረሰሩ ፍጆታ ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከ40 ወደ 28 ቢወርድ ሩብ ያህሉ ተረፈ ማለት ነው!

ወሰን ግን አለው። ፈሳሽ የሆነውን ጋዝ ወደ ፍሪጁ እየመጠነ የሚያሳልፈው የድሮው ሜካኒካል ኤክስፓንሽን ቫልቭ ግፊቱ ከልክ በላይ ከወረደ ጋዙን በበቂ አያሳልፍም። ኤሌክትሮኒክ ቫልቭ የተገጠመለት ማሽን ዝቅ ብሎ መሥራት ይችላል።

[ምስል፦ ፍጥነቱ እየቀነሰ የሚሄድ ፋን]

የኮንደንሰሩ ፋኖችም እንዲሁ። የፋን ፍጥነት ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሚፈጀው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ግን ኮንደንሰሩ ሲገዛ ተለቅ ያለ ይሁን።

በረዶ ማቅለጫውን በታይመር ብቻ ከመተው፣ በረዶ ሲያዝ ብቻ እንዲነሳ ማድረግም ይቻላል።

ባለሱቆች፣ ቴክኒሻናችሁን «የኮንደንሰሩ ግፊት ስንት ላይ ነው የታሰረው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሥጋውና የወተቱ ሙቀት ግን አይነካ፤ ቁጠባው የሚገኘው ከውጭ በኩል ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ኮምፕረሰሮቹ በአንዴ እንዳይነሱ፣ ተራ በተራ እንዲያስነሳቸው መቆጣጠሪያውን አስተካክሉት።