መጀመሪያ የጠየቀችን ዚፕ ኮዳችንን ነበር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ እራት እንኳ ሳትቀምሱ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልን።

ከዓመታት በፊት ዘጠኝ ሆነን ወደ አንድ የኮንግረስ አባል ቢሮ ሄድን። ሱፋችንን ለብሰናል፣ ስለ ኢትዮጵያ አርባ ገጽ ሰነድ ይዘናል። የተቀበለችን ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ረዳት ናት። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች አራታችን ቆመናል። ሰነዱን ዘረጋንላት። እሷ ግን ማስታወሻዋን ከፍታ «ዚፕ ኮዳችሁን ትነግሩኛላችሁ?» አለችን፣ የምንኖርበትን አካባቢ የፖስታ ቁጥር ማለቷ ነው። በየተራ ነገርናት። የዚያ ዲስትሪክት፣ ማለትም የኮንግረስ አባሉ የምርጫ ክልል፣ ነዋሪ የሆነው ከዘጠኛችን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እኛ ስንናገር በትሕትና ታዳምጣለች። እሱ ሲናገር ግን ትጽፋለች።

ያን ቀን ተናድጄ ነው የወጣሁት። ሕዝቤ እያለቀ የምትጠይቀኝ ዚፕ ኮድ ነው ብዬ። አሁን ግን ገብቶኛል። ከ435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት እያንዳንዱ በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባል። ወንበሩን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም የዲስትሪክቱ ሰው ነው። ልጅቷ ሥራዋን ነበር የምትሠራው።

ሁለት ታሪክ ላስታውሳችሁ። ዘመኑን በፈረንጆች ነው የምቆጥረው።

ኤች አር 2003ን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከምርጫ 97 (በፈረንጆች 2005) ግድያና እስራት በኋላ የኒው ጀርሲው ዴሞክራት ዶናልድ ፔይን ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ ነው። ጥቅምት 2 ቀን 2007 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ተቃቅፈን ተደሰትን፣ ያለቀ መስሎን። ረቂቁ ግን ገና የኮንግረሱ ሌላኛው ምክር ቤት፣ ሴኔት፣ መግባት ነበረበት። የኢትዮጵያ መንግሥት የዋሽንግተን ሎቢስቶች፣ ማለትም ተከፍሏቸው ፖለቲከኞችን የሚያግባቡ ሰዎች፣ ቀጥሯል። አንዱ ዲክ አርሜይ ናቸው፣ የዚያው የተወካዮች ምክር ቤት የቀድሞ የሪፐብሊካን አብላጫ መሪ። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው በር እንደሚከፈት የሚያውቁ ሰው። የቡሽ አስተዳደርም የኢትዮጵያ ጦር ሶማሊያ ገብቶ ስለነበር ረቂቁን አልፈለገውም። ሴኔት ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት የኮንግረሱ ዘመን በጥር 2009 አለቀ፣ ረቂቁም አብሮ ሞተ። ማንም በአደባባይ «እኔ ገደልኩት» ማለት አላስፈለገውም። አጀንዳ ላይ አለማስያዝ ብቻ በቂ ነበር።

ሁለተኛው ኤች አር 128 እያልን የምንጠራው፣ በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀው የውሳኔ ሐሳብ (ኤች ሬስ 128) ነው። እሱም ወደ ድምፅ ሳይቀርብ ወራት አለፉ። የገፋው ማን ነው? ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ያሉ ወገኖቻችን ናቸው። ተወካያቸው ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማን ነበሩ። በ2016 ያ ዲስትሪክት ለፕሬዚዳንትነት የመረጠው ሂላሪ ክሊንተንን ነው፤ ስለዚህ የኮፍማን ወንበር ሁሌም ይነቃነቅ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ ማኅበረሰብ ድምፅ ይከብዳል። ኮፍማን የፓርቲያቸውን መሪዎች ወተወቱ፣ ውሳኔው ሚያዝያ 10 ቀን 2018 አለፈ። ሕግ አልነበረም፣ የምክር ቤቱ የአቋም መግለጫ ነው። ይህንን ደብቀን ማውራት የለብንም። ቢሆንም አጀንዳ ላይ ያስያዘው ዚፕ ኮድ ነው።

ሰልፍ አትውጡ እያልኩ አይደለም። እኔም በብርድ ቆሜ ጮኬአለሁ። ሰልፉ ሲበተን ግን እኛ ባንዲራችንን ጠቅልለን እንሄዳለን፣ ሎቢስቱ ማክሰኞም ሐሙስም እዚያው ነው። የውጭ መንግሥት የቀጠረው ሎቢስት ፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሕጉ ከ1938 ጀምሮ አለ። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ማን ስንት እንደተከፈለው በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። እባካችሁ እዩት።

ፓርቲን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ብዙዎቻችን የምንወጣው በኅዳር ምርጫ ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ግን ጉዳዩ በአብዛኛው የሚያልቀው ቀድሞ፣ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ፣ ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ምርጫ፣ ነው። ፕራይመሪ የሚወጣው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ሜሪላንድ የምትኖሩ፣ በፓርቲ ካልተመዘገባችሁ የፓርቲውን የኮንግረስ ዕጩ መምረጥ አትችሉም። ቨርጂኒያ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም፣ በቀጥታ መሄድ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ወገኖቼ ድምፅ የሚሰጥላችሁ ሴኔተር የላችሁም፣ በምክር ቤቱም ያላችሁ ተወካይ የመጨረሻው ድምፅ ላይ አይቆጠርም። ይህ ያሳዝነኛል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ሸክማችሁን አብረን መያዝ አለብን።

እዚህ አዳራሽ ስለ ሀገራችን አንድ ዓይነት አቋም እንደሌለን አውቃለሁ። ዛሬ እሱን ልፈታ አልመጣሁም። ማናችንም ብንሆን የምንሄደው ወደዚያችው ጠባብ ክፍል ነው፣ የምንጠየቀውም ያንኑ ነው።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አለ። የአሜሪካ ዜግነት ያላችሁ የመራጭነት መመዝገቢያ ፎርም ታገኛላችሁ፣ ልጆቹ ያግዟችኋል። ዜጋ ያልሆናችሁም ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ነዋሪ ናችሁና ቢሮው ሊያነጋግራችሁ ይገባል። ሰማያዊው ደብተር ላይ ስማችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን ጻፉልን። በሚቀጥለው ወር ወደ ካፒቶል ስንሄድ ለእያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ዲስትሪክት ሰው ይዘን ነው የምንገባው።