ሆድ ያወጣው ግድግዳ

እሺ... ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር ያሰብኩት። ግን ያ ግድግዳ ጠረጴዛዬ ላይ ተገትሮ ያየኛል። ሆዱን ነፍቶ። አዎ፣ ባለፈው "አለቀ" ብዬ የጎረርኩበት ሞዴል ቤት ነው፤ ከፕላስቲክ ሉህ የሠራሁት ትንሽዬ ቤት። ሳቁ፣ ችግር የለም።

ግድግዳውን የሠራሁባትን ያቺን ማታ ደጋግሜ አስባታለሁ። እጄ መጀመሪያ ያነሳው ባለ 1 ሚሊሜትሩን ሉህ ነበር። እርግጠኛ ነኝ። አንስቼው፣ በጣቴ ጎበጥ አድርጌ አየሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። ለምን? ደክሞኝ ነዋ። እሱን በካተር ሁለት ሦስቴ ጫር አድርጋችሁ ነው የምትሰብሩት። ግማሽ ሚሊው ግን አንዴ ከተጫረ ቀጭ ነው። ለዚያች ቀጭ ብዬ... በቃ፣ ለእሷ ብዬ ነው።

ከዚያ የጡብ ቅርጽ ያለውን ሉህ ላዩ ላይ ለጠፍኩ። ማጣበቂያውን በብሩሽ አጠጣሁት፤ መቼም ታውቁኛላችሁ። እሱ ደግሞ ፕላስቲኩን እያሟሟ ነው የሚያጣብቀው። ትነቱ መውጫ ካጣ በሁለቱ መሃል ታፍኖ ይቀራል፣ ቀጭኑን ያለሰልሰዋል። ማታ ቀጥ ብሎ ነበር። እንደ ማስመሪያ! በሳምንቱ ሆድ አወጣ።

የውስጡን ሉህ በሳ በሳ አድርጌው ቢሆን... ወይ ከኋላው ድጋፍ ባቆምለት... እንጃ። አንድ ሚሊውም ይጎብጥ ነበር ይሆናል።

ደግሞ መስኮቱ አለ። በ1 ለ 72 ስኬል፣ ማለትም ሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ የእውነተኛው 72 ሚሊ ሲሆን፣ ግማሽ ሚሊ ማለት 3.6 ሴንቲ ሜትር ነው። የጡብ ግድግዳ በ3.6 ሴንቲ! የ20 ሴንቲ ግድግዳ 2.8 ሚሊ ገደማ ይፈልጋል። በመስኮቱ በኩል ዳሩ ሲታይ ካርቶን ነው የሚመስለው። ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ተቃራኒው። የእውነተኛ መኪና በር ቆርቆሮ 1 ሚሊ እንኳ አይሞላም፤ የእኛ ሩብ ሚሊ ሉህ ግን በዚሁ ስኬል 18 ሚሊ ይሆናል። ስለዚህ የሚታየውን ዳር ብቻ ሞርደን ቀጭን እናስመስላለን። እና እኔ ሉህ ስመርጥ ስለ ዳሩ አስቤ አውቃለሁ? ኧረ ምን... ስለ እጄ ነው የማስበው።

የሚገርመው ግን የተናደድኩት በግድግዳው አይደለም። አንድ ሚሊውን አንስቼ ነበር እኮ! አላውቅም ነበር እንዳልል...

ቆይ። ከጎን ሳየው አሁን ትንሽ የቀና መሰለኝ። ወይስ መብራቱ ነው...