በዝውውር የተበሉት የነጋዴ ቶከኖች፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የሰብሳቢዎች ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በደኅና መጣችሁ።

ዘንድሮ የምንወያይበት የአውስትራሊያ የነጋዴዎች ቶከን፣ ማለትም ነጋዴዎች በሳንቲም ፈንታ ያወጡት የነበረው የመዳብ ዝርዝር፣ የተጀመረው ብዙዎቻችን በምንኖርባት በሜልበርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 አናንድ፣ ስሚዝ እና ኩባንያ የተባለው የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ስሙን የያዘ የመዳብ ፔኒ አሠርቶ ለደንበኞቹ መልስ ይሰጥበት ጀመር። በ1851 ወርቅ ተገኝቶ ሕዝብ ከየአገሩ ሲጎርፍ ደግሞ ከብሪታንያ የሚመጣው የመዳብ ሳንቲም ለገበያው አልበቃ ስላለ፣ የሻይ ነጋዴውም ጨርቅ ሻጩም በርሚንግሃምና ለንደን ድረስ እያዘዘ፣ በኋላም እዚሁ እያስመታ የየራሱን ፔኒና ግማሽ ፔኒ አወጣ። በዚያው ዘመን በአገራችን የማርትሬዛ ብር በአሞሌ ጨው ይመነዘር እንደነበር ስናስታውስ፣ የዝርዝር ችግር ምን ያህል ሰፊ እንደነበር እንረዳለን።

ቶከኑን ለማሠራት የሚወጣው ወጪ ከተጻፈበት ዋጋ ስለሚያንስ ነጋዴው በልዩነቱ ያተርፍ ነበር፤ የሱቁም ስም ከኪስ ኪስ ይዞር ነበር። የተቀባዩ ዋስትና ግን የባለሱቁ እምነት ብቻ ነበር። የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች የነበሩት ቪክቶሪያ በ1863፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1868 ዝውውሩን አገዱ፤ በኒውዚላንድ ግን የክራይስትቸርቹ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ሚልነር እና ቶምፕሰን እስከ 1881 ድረስ ያወጣ ነበር።

አሁን በብርቱ የማምንበትን ላቅርብ። የለንደኑ ሳንቲም መቺ ደብልዩ ጄ ቴይለር፣ በሜልበርን ካንጋሩ ኦፊስ የተባለውን የግል የሳንቲም መምቻ ያቋቋመው ሰው፣ የአንዱን ነጋዴ ቶከን ፊት ከሌላው ቶከን ጀርባ እያጣመረ ለሰብሳቢዎች ብቻ የሚሆኑ ቶከኖችን መትቷል። እነዚህ እያንጸባረቁ ዛሬ ውድ ዋጋ ያወጣሉ፤ ይሁን እንጂ አንድም ዳቦ አልተገዛባቸውም። ፊደሉ እስኪጠፋ የተበላው የሱቅ ፔኒ ግን ሰው ተቀብሎት፣ አምኖት፣ መልሶ የከፈለበት መሆኑን በራሱ ገላ ላይ ይዞ ቀርቷል። በየውድድሩ በይዞታው ብቻ እየተመዘነ ከመደዳው መጨረሻ መቀመጡ አግባብ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምሮ በዝውውር ለተበሉት የተለየ ምድብ እንዲሰጣቸው ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ።

ይህ እንዲሆን አባላት መዳቡን በሎሚም ሆነ በአመድ ባታሹት፣ ክብደቱንና የጎኑን ስፋት ብትለኩ፣ በተለይም የተገኘበትን ቦታ ብትመዘግቡ እለምናለሁ። በታዝማኒያ ደሴት ያለችው የሆባርት ከተማ የአንድ ልብስ ነጋዴ ቶከን ሜልበርን ውስጥ ከአሮጌ ቤት ወለል ሥር ቢወጣ፣ የባለሱቁ ስም የት ድረስ ይታመን እንደነበር የሚነግረን ያ ማስታወሻ ነው፤ ቶከኑ ያለ ማስታወሻ ከተሸጠ ግን ይህን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

የመመዝገቢያው ቅጽ በየጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጧል፤ ከስብስባችሁ እጅግ የተበላውን አንድ ቶከን በማስመዝገብ እንድትጀምሩ እየጠየቅሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን በአክብሮት እገልጻለሁ።