አንዷ ዶላር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላዬ ጫጫታ ከሰማችሁ አባቴ ነው፤ ሳሎን ቴሌቪዥን ከፍቷል። ቀንሰው ብለው አይሰማኝም።

የሚያየው ጄፓርዲን ነው፣ የአሜሪካኖቹን የጥያቄና መልስ ውድድር። ሜሪላንድ ከመጣ አራት ዓመቱ፤ ይሄ ፕሮግራም ካመለጠው እራት አይበላለትም። ጥያቄዎቹን ይከታተላል ብላችሁ እንዳታስቡ ታዲያ። እንግሊዝኛው ይፈጥንበታል፤ ግማሹ ጥያቄ ደግሞ ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንትና ስለ ብሮድዌይ ነው። እሱ የሚጠብቀው መጨረሻውን፣ ብር የሚያስይዙባትን ሰዓት ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ። ሦስት ሰዎች ይወዳደራሉ። የመለሰ ዶላር ይጨመርለታል፣ የተሳሳተ ይቀነስበታል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይቀራል፣ ፋይናል ጄፓርዲ የሚሉት። ርዕሱ ብቻ ይነገራቸዋል። ጥያቄውን ሳያዩ ካላቸው ላይ የፈለጉትን ያህል ያስይዛሉ። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ 30 ሰከንድ፣ ያቺ አስጨናቂ ሙዚቃ። ያወቀ ያስያዘውን ይጨምራል፣ የሳተ ያጣል። ያጠራቀመውን ሙሉ ይዞ የሚሄደው አንደኛ የወጣው ነው፤ ለሚቀጥለው ጨዋታም እሱ ይመለሳል። ሁለተኛው 3,000፣ ሦስተኛው 2,000 ዶላር ይዘው ይሸኛሉ። እንግዲህ በአንድ ዶላር መበለጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አባቴ እህል በረንዳ ሱቅ ነበረው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽንብራ። እዚህ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ የመብራት ቢል የመጣበትን ፖስታ ገልብጦ መደመር ጀመረ። ምንድነው ስለው፣ «መሪው የሁለተኛዋን እጥፍ ያያል፣ አንድ ብር ይጨምርበታል» አለኝ። ማንም አላስተማረውም። ነጋዴ ዋጋ ሲቆርጥ የራሱን ኪስ ብቻ አያይም፣ የጎረቤት ሱቅ ስንት እንዳለ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ የድሮዎቹን ከዩቲዩብ እየፈለግኩ አሳየው ጀመር። በፈረንጆቹ 2004 ኬን ጄኒንግስ 74 ጨዋታ አሸንፎ በ75ኛው የወደቀበትን አሳየሁት። ፋይናል ላይ ሲደርሱ እሱ 14,400 አለው፣ ተከታዩዋ 10,000። እሱ 5,601 አስያዘ። ካወቀ 20,001 ይሆናል፤ እሷ ያላትን ብታጥፍ 20,000 ነው። እሷ ደግሞ 4,401፤ ካወቀች 14,401፣ እሱ ከያዘው አንድ ዶላር በላይ። ጥያቄው በዓመት አራት ወር ብቻ የሚሠሩ 70,000 የቢሮ ሠራተኞች ስላሉት ድርጅት ነው። መልሱ ኤች ኤንድ አር ብሎክ፣ ታክስ የሚሠሩት። እሱ ፌዴክስ ብሎ 8,799 ላይ ቀረ።

አዘንኩለት። አባቴ ግን ፖስታውን እያየ፣ «ሒሳቡ ልክ ነው። እህሉ ነው የነቀዘበት» አለ።

ከሁሉ ያከራከረን የ2019ኙ ነው። ጄምስ ሆልዝሃወር፣ የላስ ቬጋስ የስፖርት ቁማርተኛ። 32 ጊዜ አሸንፏል፣ በአንድ ጨዋታ ብቻ 131,127 ዶላር የወሰደ ሰው ነው። ሲያስይዝ አይኑን አያሽም። በ33ኛው ጨዋታ ግን ፋይናል ላይ ሁለተኛ ሆኖ ገባ። እሱ 23,400፣ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ 26,600፣ ሦስተኛው 11,000። እና ስንት ቢያስይዝ ጥሩ ነው? 1,399!

እኔ ሰልችቶት ነው አልኩ። ብዙ ሰውም ያኔ እንደዚያ ብሎ ነበር። አባቴ ወዲያው ፖስታውን አመጣ። የሦስተኛው እጥፍ 22,000። ከ23,400 ላይ 1,399 ሲነሳ 22,001። «ይቺ ሴትዮ እንደሆነ ሞኝ አይደለችም፣ የሱን እጥፍ እንድትበልጥ አድርጋ ታስይዛለች። ካወቀች አለቀለት። ሳትሳሳት አያሸንፍም። ስለዚህ ቢሳሳት እንኳ ሦስተኛው እንዳይበልጠው ጀርባውን ዘጋ» አለ። እውነትም 20,201 አስይዛ ነበር፤ ድምሩ 46,801፣ ከእጥፉ አንድ ዶላር በላይ። ሦስቱም መለሱ፣ እሱ ተሸነፈ።

እኔ ይሄን ጨዋታ ሳየው አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል። ያለፈው ዓመት ለአንድ ኮንዶ ዋጋ አስገብቼ ነበር። ሌላው ስንት እንደሰጠ አይታይም፣ ሁሉም በየፊናው ነው የሚጽፈው። እኔ የባንክ ሒሳቤን አየሁ፣ የምችለውን ጻፍኩ፣ ተኛሁ። 2,000 ዶላር የበለጠኝ ሰው ወሰደው። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ አላማከርኩትም! ሲሰማ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሌሎቹ ስንት ናቸው ብለሽ ጠይቀሻል?» አልጠየቅኩም። መጠየቅ እንደሚቻል እንኳ አላሰብኩም።

አባቴን ያሸነፈው የ2007ቱ ሰውዬ ነው። መሪው 13,400፣ ሌሎቹ ሁለቱ እኩል 8,000፣ 8,000። የእጥፋቸው 16,000 ነው። 2,601 ቢያስይዝ ብቻውን ያሸንፋል። እሱ ግን 2,600 ጻፈ። ሆን ብሎ። ሁሉም መለሱ፣ ሦስቱም 16,000 ሆኑ። ያኔ እኩል የወጡ ሁሉ ገንዘባቸውን ይዘው አብረው ይመለሱ ነበር።

«ምን ነካው ይሄ ሰው? አንዷን ዶላር ረሳት እንዴ?» አለ አባቴ። ደግነት ነው አልኩት። ከኪሱ አልወጣም፣ ለምን አይሰጥም? ዝም አለ። በማግስቱ ቡና ላይ ሳላስበው፣ «ነገ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ከሚገጥሙት የሚያውቃቸው ይሻሉታል። ይሄ ነጋዴ ነው» አለኝ። እኔ አሁንም ደግነት ነው ባይ ነኝ። እስካሁን አልተስማማንም።

ቆይ፣ እየጠራኝ ነው። ሊያስይዙ ነው መሰለኝ። መጣሁ አባዬ! ርዕሱ ምንድነው? ... ኦፔራ ነው እያለ ነው። ስለ ኦፔራ ሁለታችንም አናውቅም። ፖስታ ግን አለን። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ።