ጣናን ወደ ጨዋታ ጠረጴዛ ስናመጣው

ህሊና፦ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምንቀዳው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለች ካፌ ሆነን ነው። ከኋላችን የወፎች ድምፅ ይሰማችኋል። አንቆርጠውም።

ብሩክ፦ የዛሬው ጉዳይ እኔና ህሊና አራት ወር ሙሉ የተጨቃጨቅንበት ነው። እሷ የምታጫውተን ሮልፕሌይ ጌም አለ። የጨዋታው አገር የተሠራው ከጣና ዙሪያ ታሪክ ነው። እውነተኛ ሕዝብን ወስዶ ምናባዊ አገር ማድረግ እንዴት ነው የሚሆነው? ይሄው ነው ጥያቄው።

ህሊና፦ ለአዲስ አድማጮች ባጭሩ ልንገራቸው። ስክሪን የለም። አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ አጫዋች ሆኖ ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ገጸ ባሕርይ ይዘው ይኖሩበታል። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ፣ ብዙ ጊዜ 20 ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ፤ ሌሎቹ የመጡት ከእሱ በኋላ ነው።

ብሩክ፦ እና ብዙዎቹ ከታሪክ ይቀዳሉ። ሰቨንዝ ሲ የሚባለውን ውሰጂ። ሞንቴን ፈረንሳይ ናት፣ ካስቲል ስፔን፣ አይዘን ጀርመን። ስሟን ትንሽ ቀየር ማድረግ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ወዲያው ይገባዋል። ይሄ ምን ክፋት አለው?

ህሊና፦ ለፈረንሳይ ምንም ክፋት የለውም። ስለ ፈረንሳይ ሌላ ሺህ ታሪክ አለ፤ አንዱ ቢያጣምማት ሌላው ያቀናታል። እኛ ግን በዚህ ጨዋታ ስንት ጊዜ እንመጣለን? አንዴ ብንመጣ ነው። ነጭ ጋቢ አልብሰው፣ ጦርና ጋሻ አስይዘው፣ ተራራ ላይ አቁመው ይተዉናል። ልብሱ አለ፣ ሰውየው የለም።

ብሩክ፦ እኛ እኮ የሰው ፋንታሲ ሆነን እናውቃለን። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ስለሚባል፣ በሩቅ አገር አለ ስለተባለ የተረት ክርስቲያን ንጉሥ ደብዳቤ ዞረ። መጀመሪያ እስያ ውስጥ ነው የፈለጉት። በኋላ ኢትዮጵያ ነው አሉ። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲደርሱ ያንን ንጉሥ አገኘን ብለው ነበር።

ህሊና፦ እና ምን አገኙ? ድንኳን! ለእኔ ከተረቱ በጣም የሚበልጠው ይሄ ነው። ከጎንደር በፊት ብዙ ዘመን ቋሚ መዲና አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነው፤ ይተከላል፣ ይነቀላል። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከ«ከተመ» የመጣ ነው፤ ሰፈረ ማለት ነው። ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሲረጋ ነው ነገሩ የተለወጠው።

ብሩክ፦ ማዕረጎቹም ከሰፈሩ ነው የሚነሡ።

ህሊና፦ አዎ! ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፣ ደጃዝማቹ ደጁ ላይ። አንድ ጨዋታ ጸሐፊ ይሄን ሲያገኝ «ደጃዝማች ማለት ዱክ ነው» ብሎ ቢያልፈው ወርቁን ጥሎ አፈሩን ያዘ ማለት ነው። እኔ ካርታው ላይ መዲና አልሳልኩም። መዲናዋ በቁራጭ ካርቶን ነው የምትንቀሳቀሰው። ለምን ትንቀሳቀሳለች? እንጨቱ ያልቃል፣ እህሉ ያልቃል። ያን ሁሉ ሠራዊት የሚቀልበው የአካባቢው ገበሬ ነው።

ብሩክ፦ እኔ የምጫወተው ገበሬ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሌላው ጀግና ሲሆን እኔ ምን ላደርግ? ከዚያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ህሊና ጠረጴዛውን በእጇ መታ መታ አደረገችና «ነጋሪት ይሰማል» አለች። ንጉሡ ወደ እኔ ቀበሌ እየመጣ ነው። ሌሎቹ ደስ አላቸው፤ ግብዣ፣ ሹመት፣ ሽልማት። እኔ ጤፉን የት ልደብቅ ነው የማስበው። እንደዚያ ቀን ፈርቼ ተጫውቼ አላውቅም።

ህሊና፦ እኔ የምለው ይሄው ነው። ከሕዝብ የምትወስደው ልብሱን አይደለም፣ ምክንያቱን ነው። ለምን እንዲህ ይኖራሉ? እሱን ካገኘህ ታሪኩ ራሱ ይመጣል። እዚሁ ጣና ዳር ያለውን ዘጌን እይ። ጫካው እስከ ዛሬ ቡናውን ይዞ ያለው አባ በትረ ማርያም ማረስንና ከብት ማርባትን ስለከለከሉ ነው ይባላል። በአንድ መነኩሴ ቃል የቆመ ጫካ! እኔ ይሄን በምናቤ አልፈጥረውም ነበር።

ብሩክ፦ ስለ ታንኳው ንገሪያቸው። የተሳሳትሽበትን።

ህሊና፦ እሺ። መጀመሪያ ስጽፍ «የሐይቁ ሰዎች» የሚል ነገድ ነበረኝ። ዓይናቸው በጨለማ ያበራል። ማንም ከእነሱ ጋር አይበላም። ያዩት ሰው ይታመማል። የታንኳ ሠሪዎቹን የወይጦዎችን ኑሮ አይቼ ነው የጻፍኩት፤ ውብ ምሥጢር መስሎኝ። አንድ ቀን ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ወደሚታሰርበት ሄድኩ። አንድ አባት ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ግንድ ላይ አስደግፈው አቁመውታል። ከሥሩ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። «ምነው አቆሙት?» አልኳቸው። «ጠጥቶ ከብዷል፤ ፀሐይ ይምታው» አሉኝ። ከዚያ ስለ ጨዋታው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ከእኛ ጋር አይበላም የሚለውን እኛ ኖረነዋል። አንቺ ደግሞ ለመጫወቻ ትጽፊዋለሽ?» አሉ።

ብሩክ፦ …

ህሊና፦ እዚያው ነው የቀደድኩት። እነዚህ ሰዎች ጉማሬ ያድኑ ነበር ተብሎ ስንት ዘመን የተገለሉ ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ያንን መገለል ወስጄ የአስማት ጌጥ አድርጌው ነበር። አሁን ነገድ የሚባል ነገር የለም። ያለው ታንኳ ነው። ሦስት ጉዞ ከሄድክበት ይከብዳል፣ ካላደረቅከው ይሰምጣል። ጠላት እያሳደደህ ታንኳህ ፀሐይ ላይ ነው! ከሚያበራ ዓይን ይሄ አይሻልም?

ብሩክ፦ ይሻላል። ታቦቱ ላይም ተስማምተናል። አንድ ተጫዋች ከደሴት ገዳም ታቦት ልስረቅ ብሎ ነበር። እናቴ ስትሰማ ቤት አላስገባህም አለችኝ፣ ልክ ነበረች። ዳጋ እስጢፋኖስ ውስጥ የነገሥታት አፅም አለ፣ ዛሬም ይቀደስበታል። ሰው የሚሳለመውን ነገር የጨዋታ ዕቃ አናደርገውም።

ህሊና፦ ደብተራውንም ጠንቋይ አላደረግነውም። ደብተራ ዜማና አቋቋም የተማረ ሰው ነው። ግን አስማት ያስፈልገን ነበር። ከየት እናምጣው? ጎጃም ተቀምጠን! ከቅኔ ነዋ። አስማት ለመሥራት ተጫዋቹ ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ መናገር አለበት። ወርቁን ጠረጴዛው ላይ ካሉት አንድ ሰው ካገኘው ይሠራል። ዳይስ የለም።

ብሩክ፦ ከዚያ ያቺ ማታ መጣች። የሐይቁን ቀረጥ የሚጠብቅ ሹም አለ። እህሉን በልቶ «ዘብ ነኝ እንጂ አልነካሁም» ይላል። አንዱ ልጅ፣ ሁልጊዜ ዝም የሚለው፣ ድንገት ተነሣ፦

ጣና መሃል ገብቶ አልነካሁም ያለው፣
ሌላ ማን ሊሆን ነው፣ ያው አባይ እኮ ነው።

ህሊና፦ ሰሙ ወንዙ ነው። አባይ ጣናን አቋርጦ ሲወጣ ከውሃው አይቀላቀልም ይላሉ አባቶች። ወርቁ ደግሞ አባይ፣ ማለትም ዋሾ። ስድስታችንም በአንድ ጊዜ ጮኽን። ሹሙ ወደቀ።

ብሩክ፦ ግን አንድ ችግር ነበር። በአንቺ ካርታ ላይ ሐይቁ ጣና አይባልም፣ ወንዙም አባይ አይባልም። የሁሉንም ስም ቀይረሽ ነበር።

ህሊና፦ ቀይሬ ነበር። ከእውነተኛው ሰው ላርቀው ብዬ። ንጉሦቹን፣ ገዳማቱን፣ መንደሮቹን አሁንም በሌላ ስም ነው የምጠራቸው፣ በዚያ አልጸጸትም። ያን ማታ ግን ሁላችሁም ከሄዳችሁ በኋላ ካርታውን ዘረጋሁ። ላጲስ አመጣሁ። ሁለቱን ስሞች አጠፋሁና ጣና፣ አባይ ብዬ ጻፍኩ።