ዓይን መለዋወጫ የለውም፦ ስለ ብርሃን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የሬዲዮ ሰዓታችን ስልኩ ለብርሃን ጥያቄ ክፍት ነበር። ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳም ደውላችኋል። ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ አንዳንዱን አሳጥራለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ግን አትችሉኝም።

ከሸዋ ሮቢት፣ የአይሱዙ ሾፌር፦ ቀትር ላይ ስነዳ ከፊቴ አስፋልቱ ላይ ውሃ የተኛ ይመስለኛል። ስደርስ የለም። ምንድን ነው?

ያየኸው ሰማይ ነው። አስፋልቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይሞቅና ይሳሳል። ብርሃን ደግሞ በሳሳ አየር ውስጥ ትንሽ ፈጠን ይላል። ስለዚህ ከሰማይ ወደ መሬት ይወርድ የነበረው ጨረር ቀስ እያለ ወደ ላይ ይታጠፍና ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ዓይን የዋህ ነው። ብርሃን ሁሌም ቀጥ ብሎ የመጣ ይመስለዋል። ሰማዩን አምጥቶ አስፋልት ላይ ያነጥፍልሃል። ይህን የዋህነት ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን። አንተ ግን ፍሬንህን አትርሳ፤ አንዳንዴ የእውነት ውሃ ነው፣ አንዳንዴም ግመል።

ከደብረ ብርሃን፣ ተማሪ፦ ብርሃን ክብደት የለውም ተብለናል። ታዲያ ፀሐይ እንዴት ታጎብጠዋለች?

ጎበዝ! ፀሐይ ብርሃኑን በገመድ አትጎትተውም። ዙሪያዋን ያለውን ህዋ ነው የምታጎብጠው። ብርቱካን ላይ ጉንዳን ልቀቅ። ግራም ቀኝም ሳትል ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ መንገዷ ግን ክብ ይሆናል። ጥፋቱ የጉንዳኗ አይደለም፣ የብርቱካኑ ነው። ብርሃንም እንደዚያው ነው።

አንስታይን ይህን በ1915 ሲያሰላ (የፈረንጆቹን ዘመን ነው የምጠራው) የፀሐይን ጫፍ ታክኮ የሚያልፍ ብርሃን 1.75 ሰከንድ ይታጠፋል አለ። ሰከንዱ የሰዓት አይደለም፣ የማዕዘን ነው፤ አንዱን ዲግሪ ለ3,600 ስትከፍለው የሚደርስህ። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ የቆመ ሰው የትንሿ ጣቱን ጥፍር ቢያሳይህ ያንን ታህላለች። በግንቦት 1919 ግርዶሽ እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ኤዲንግተንና ባልደረቦቹ ከፕሪንሲፔ ደሴትና ከብራዚሏ ሶብራል ሆነው ፎቶ አነሱ። ፀሐይ አጠገብ የሚታዩት ከዋክብት ከቦታቸው ሸርተት ብለው ተገኙ። በፎቶ ነው ያልኩት። ማንም በባዶ ዓይኑ ፀሐይ ላይ አላፈጠጠም። ዓይን መለዋወጫ የለውም።

ከደብረ ሲና፦ ቴሌግራም ላይ ሰው የሚሰውር ጨርቅ አየሁ። ግማሹን ብር ቀድመህ ላክ ይሉኛል። እውነት ነው?

ብሩን አትላክ።

ወሬው ግን ሥር አለው። ብርሃንን ለማጠፍ የግድ ፀሐይን የሚያህል ነገር አያስፈልግም። አስፋልቱ ላይ አየሩ ራሱ ሲያጥፈው አይተናል። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ማክስዌል በ1854 አንድ ሌንስ በወረቀት ላይ አስልቶ ነበር። መሐሉ ላይ ብርሃን ይዘገያል፣ ወደ ዳር ሲወጣ ደረጃ በደረጃ ይፈጥናል። በዚያ ውስጥ ጨረሩ ልክ እንደ ብርቱካኗ ጉንዳን ክብ እየሠራ ይሄዳል። ህዋው ሳይጎብጥ የጎበጠ አስመሰለው ማለት ነው።

በ2006 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፔንድሪና ባልንጀሮቹ ይህንን ሐሳብ ገፉበት። ብርሃኑ አንድን ዕቃ የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝ ድንጋይን እንደሚከብ ከብቦ አልፎ ከኋላ ቢገጥም፣ ዓይን የዋህ ነውና ዕቃውን አያየውም አሉ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተሞከረ። ጥቃቅን የመዳብ ቅርጾች በክብ በክብ ደረደሩ። እንዲህ ያለውን ሜታማቴሪያል ይሉታል፤ ጠባዩን የሚሰጠው ከተሠራበት ነገር ይልቅ የቅርጾቹ አደራደር ነው። መሐሉ ላይ የመዳብ ሲሊንደር አስቀመጡ። ከምን ተሰወረ? ዓይን ከማያየው የማይክሮዌቭ ሞገድ፣ ያውም ከአንድ ዓይነት ሞገድ ብቻ፣ ያውም በከፊል። በዓይንህ ብታየው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አንተን የሚሰውር ጨርቅ ገና አልተሸመነም። የሚሰወረው ብርህ ነው።

በጽሑፍ መልእክት፦ ብርሃን በፋይበር ውስጥ ይዘገያል?

አዎ፤ በባዶ ህዋ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ኢንተርኔት በሚያመላልሰው ቀጭን የመስታወት ክር፣ በፋይበሩ ውስጥ፣ 200,000 ገደማ። ኢንተርኔትህ የሚንቀራፈፈው ግን በዚህ አይደለም።

ፋይበር የሚዘረጋ ወጣት፦ መስመሩ መሥራቱን የምለየው ጫፉን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ነው። ምንም አይታየኝም።

ተው ልጄ! አለመታየቱ እኮ ነው ክፋቱ። ብዙውን ጊዜ የሚላክበት ብርሃን የሞገዱ ርዝመት 1,310 ወይም 1,550 ናኖሜትር ነው (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው)። ኢንፍራሬድ ነው፣ ዓይን አያየውም። መለኪያ አለ፣ እሱን ተጠቀም። መለኪያው ቢበላሽ ይገዛል። ዓይን መለዋወጫ የለውም።

ከመሐል ሜዳ፣ የልጆች እናት፦ በሰኔ 2012 ግርዶሹን በራጅ ፊልም አየነው። ምንም አልሆንንም። ለሚመጣውም ፊልሙን አስቀምጬላቸዋለሁ።

እህቴ፣ ፊልሙን አውጥተሽ ጣይው። አሁን፣ ስልኩን ሳትዘጊ።

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ መለስኩት! የራጅ ፊልም የሚታየውን ብርሃን ያደበዝዛል፣ ኢንፍራሬዱን ግን ያሳልፋል። ሲደበዝዝልሽ የዓይንሽ ብሌን ይሰፋል። በሩን ከፍተሽ ሌባውን እንደማስገባት ነው። የዓይንሽ ሌንስ ደግሞ የፀሐይን ምስል ሬቲና ላይ (ከዓይን ጀርባ ብርሃኑን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው) አንድ ነጥብ አድርጎ ይሰበስበዋል። ልጅ ሆነን በማጉያ መስታወት ገለባ ስናቃጥል እንደነበረው። ሬቲና የሕመም ስሜት የለውም። ሲቃጠል አይነግርሽም። ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይታወቃል። «ምንም አልሆንንም» ማለት ዕድል ነው፣ ማስረጃ አይደለም።

ጥላሸት የተቀባ መስታወትም ያው ነው። ሲዲም፣ የፀሐይ መነጽርም። ሳፋ ውስጥ ያለ ውሃም፣ አዎ፣ የአያቶቻችን ሳፋ! ውሃው ካረፈበት ብርሃን ከመቶ ሁለት ያህሉን ይመልሳል። ደህና የግርዶሽ መነጽር የሚያሳልፈው ግን ቢበዛ ከመቶ ሺህ ሦስት ገደማ ነው። ልዩነቱን አንቺው አስቢው።

የሚመጣው ግርዶሽ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሙሉው በግብፅ፣ በሳውዲና በየመን በኩል ያልፋል። እኛ ጋ ከፊል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በባዶ ዓይን የሚታይበት አንድም ደቂቃ የለም። ክረምት ነው፣ ደመና ይሸፍነዋል ብለሽም አትተማመኚ። ልጆቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ይስጡ። የእህል ወንፊት ይያዙና ጥላውን መሬት ላይ ይዩ። በየቀዳዳው አንዳንድ የተገመጠች ፀሐይ ትወርድላቸዋለች። ከራጅ ፊልሙ እጅግ ያምራል። ዓይናቸው መለዋወጫ የለውም፣ እህቴ።

ከአንጎለላ፣ አንድ አባት፦ የቤቴ በር መቃን መሐሉ ላይ ጎብጦ ይታየኛል። ቀኝ ዓይኔን ስጨፍን ይቃናል። ስለ ህዋው ስታወራ ሰምቼ እሱ ይሆን እንዴ ብዬ ደወልኩ።

አባቴ፣ መቃኑም ህዋውም አልጎበጠም። ይህ የእኔ ሙያ አይደለም። ነገ ጠዋት አንዱ ልጅዎ ይዞዎት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። ጠብታ ገዝተው እንዳይጨምሩበት፣ ገበያ እስኪደርስም አይጠብቁ። ነገ ጠዋት።